ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት፦ ፓርክ ላይ ተቆልፎ የቀረ የፒክአፕ ማርሽ

ሃያ ስድስት ዓመት በፍሪሲዮን የነዳሁ ሰው ነኝ። አውቶማቲክ ፒክአፕ የገዛሁት ግራ ጉልበቴ ከጎንደር ዳገት ጋር መኳረፍ ሲጀምር ነው። እዚህ ከተማ ሜዳ መንገድ ያማረው ሰው ወደ አዘዞ ይውረድ፤ ከዚያ በመለስ ወይ ትወጣላችሁ ወይ ትወርዳላችሁ። በዚህች መኪና ማርሹ ፓርክ ላይ ተቆልፎ አልወጣ ያለኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱም በተለያየ ምክንያት ነበር፤ አንዱም ግን የካምቢዮ ብልሽት አልነበረም።

ይህን ማስቀደሜ ያለ ነገር አይደለም። ማርሹ ከፒ፣ ማለትም ከፓርክ፣ አልወጣ ሲል ዙሪያውን ከሚሰበሰበው ሰው ቢያንስ አንዱ «ካምቢዮው በቃው» ማለቱ አይቀርም። እኔም አንድ ጋራዥ ገብቼ «ይውረድና ይታይ» ተብያለሁ። ቁልፉን አስረክቤ ልወጣ ስል የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ እስኪ ፍሬኑን ይርገጡልኝ» ብሎ ወደ መኪናዬ ኋላ ዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀን ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ስምንት ኩንታል ድንች ጭኜ መጥቼ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ደንበኛዬ በር ፊት ቆምኩ። አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው። ፒ አስገባሁና እግሬን ከፍሬን አነሳሁ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራትታ «ግጭ» ብላ ቆመች። የእጅ ፍሬን አልሳብኩም፤ አውቶማቲክ ነው፣ ፒ ይይዛታል ብዬ። ደንበኛዬ ወጥቶ «በላይኛው በር ይግባ» ሲለኝ ሞተር አስነሳሁ፣ ፍሬን ረገጥኩ፣ ማርሹን ሳብኩ። ጥርስ የነከሰ ይመስል አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጄ ሳብኩት። የማርሹ እጀታ ላይ ያለው ቁልፍ እስከ ዛሬ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመው ያን ቀን ነው።

የሆነውን ለመረዳት ፒ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን አይደለም። ካምቢዮው ውስጥ፣ ጉልበቱን ወደ ጎማ በሚያወጣው ዘንግ ላይ፣ ዙሪያውን ጥርስ የሆነ ቀለበት አለ። ፒ ስታስገቡ አንድ አጭር የብረት መቀርቀሪያ ከሁለት ጥርሶች መካከል ይገባል። በቃ፣ ይህ ነው። የእጅ ፍሬን ካልተሳበ የመኪናው ክብደት፣ የድንቹ ክብደት፣ የእኔም ክብደት ተጨምሮ ያች መቀርቀሪያ ላይ ያርፋል። ሰው በትከሻው ተደግፎት ያለ በር መቀርቀሪያው ተስቦ እንደማይከፈት ማንም ያውቃል። በሩን በመጀመሪያ ትንሽ መልሶ መግፋት ነው እንጂ ከመቀርቀሪያው ጋር መታገል ትርፉ መስበር ነው።

እኔ ያን ቀን ያደረግኩትን አታድርጉ። አራት ኩንታል አስወርጄ ስምንት ጎረምሳ ከኋላ እንዲገፋ አደረግኩ። ማርሹ ወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ሰው ከኋላዋ አሰልፎ ዳገት ላይ ያለች መኪና ከፒ ማውጣት ዕብደት ነው። እግሬ ከፍሬኑ ቢንሸራተት ኖሮ ይህን የምጽፈው ከሌላ ቦታ ነበር። ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት ከታች በኩል ባሉት ጎማዎች ሥር ታኮ አስገቡ፤ ታኮ ከሌለ ጥሩ ድንጋይ። የእጅ ፍሬኑን ለቅቃችሁ፣ ሌላ መኪና ከፊት በኩል በገመድ ወደ ዳገቱ ቀስ ብሎ እንዲስባችሁ አድርጉ። ስንዝር እንኳን አያስፈልግም፣ ሁለት ሦስት ጣት ይበቃል። መኪናው ወደ ላይ ሲነቃነቅ ወዲያው የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ታኮውን እንደገና ወደ ጎማው አስጠጉ። አሁን ክብደቱ ፍሬን ላይ ነው። ማርሹ በአንድ ጣት ይወጣል። አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ የሚሳበው ከኋላ፣ አሁንም ወደ ዳገቱ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ከቁልቁለቱ በኩል ማንም ሰው አይቁም።

(ድንጋዩን ስትጨርሱ አንሱ። ጎማ ካስደገፈበት በኋላ አስፋልት መሃል ትቶት የሚሄድ ሹፌር ማታ ለሚመጣው ባጃጅ ምን እንዳስቀመጠለት አያስብም።)

ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ስቆም ቅደም ተከተሌ አይለወጥም። እግሬ ፍሬን ላይ እንዳለ ማርሹን ወደ ኤን፣ ማለትም ወደ ባዶ ማርሽ፣ አመጣለሁ፤ የእጅ ፍሬን እስከ መጨረሻው እስባለሁ፤ እግሬን ከፍሬን ቀስ ብዬ አንስቼ መኪናዋ የእጅ ፍሬኑ ላይ እንድትቀመጥ አደርጋለሁ፤ ከዚያ እንደገና ረግጬ ፒ አስገባለሁ። ስነሳ የእግር ፍሬን ረግጬ መጀመሪያ ማርሹን ከፒ አወጣለሁ፣ የእጅ ፍሬኑን የምለቀው በመጨረሻ ነው። የእጅ ፍሬናችሁ እስከ ጣሪያ ተስቦ የማይዝ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስጠብቁ።

ሜዳ ላይ ቆማችሁም ማርሹ እምቢ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል። ክብደት ያረፈበት መቀርቀሪያ ከሆነ የእጀታው ቁልፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማርሹ ግን ወፍሮና ከብዶ ይታገላችኋል። ማርሹን ፒ ላይ የሚቆልፈው ሌላው፣ የኤሌክትሪኩ ቁልፍ ሲሆን ግን በብዙ መኪና ላይ የእጀታው ቁልፍ ራሱ አይገባም፣ ወይም ማርሹ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ግድግዳ የነካ ያህል ይቆማል።

ይህ ሁለተኛው ቁልፍ የተሠራው ሕፃን ልጅ ወይም የተዘናጋ ሰው ፍሬን ሳይረግጥ መኪናውን ከፒ እንዳያወጣ ነው። ማርሹ ሥር ሶሌኖይድ የሚባል ትንሽ ማግኔት አለ። የመኪናው ቁልፍ ሲከፈትና ፍሬን ሲረገጥ ኮረንቲ ያገኝና ማርሹን የያዘውን ፒን (ቀጭን ብረት) ይለቃል። ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው ደግሞ በአብዛኛው የኋላ የፍሬን መብራቶችን የሚያበራው ያው ስዊች ሲነግረው ነው። ስለዚህ የማርሹን ችግር የምንመረምረው ከመኪናው ኋላ ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው።

ሬዲዮውን አጥፉ፣ ሞተር አታስነሱ፣ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። መስኮት ዝጉና ጆሯችሁን ወደ ማርሹ አቅርባችሁ ፍሬን ርገጡ። «ቀጭ» የምትል ቀጭን ድምፅ አለች። እግራችሁን ስታነሱም ትሰማለች። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ይቁምና የፍሬን መብራቱን ይይላችሁ። እኔ ባለቤቴን አቆማለሁ፤ «በራ፣ ጠፋ» እያለች ትጠራልኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ «አሁን እንጀራዬ ያርርብኛል» ትላለች። ሰው ከሌለ ማታ ከግድግዳ ጋር ጀርባ አስጠግታችሁ ቀዩን ብርሃን በመስታወት ታያላችሁ።

መብራቱም በራ፣ ድምፁም ተሰማ፣ ማርሹ ግን አልወጣም? ኮረንቲው ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱን ማርሹ አካባቢ ፈልጉ። መብራቱ በራ፣ ድምፅ ግን የለም? ሶሌኖይዱ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ነው። ሁሉም የፍሬን መብራቶች ጨልመዋል? ፊውዙ ወይም ፍሬኑ ሥር ያለው ስዊች ነው። አንዱ ብቻ ከጠፋ አምፖል ነው፣ ማርሹን አይመለከትም። ዳሽቦርዱ ራሱ ደብዝዞ ከሆነ ወደ ባትሪው ሂዱ፤ ጤነኛ ባትሪ ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ ከ12 በታች ከወረደ ሌላውን ከመመርመር በፊት እሱን መሙላት ነው።

ፊውዙ ቀላል ነው። ሳጥኑ ከመሪው በታች አለ፣ ሌላው ኮፈኑ ሥር፤ ክዳኑ ጀርባ ባለው ሥዕል ላይ «ስቶፕ» የሚለውን ፈልጉ። የተቃጠለውን በዚያው መጠን ተኩ፦ ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 ነው። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የሚሰካ ሹፌር አውቃለሁ፤ ፊውዙን አዳነ፣ ሽቦውን አቃጠለ። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ አትጨምሩ። በፒክአፕ ላይ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ከጭነት ሳጥኑ ሥር ወደ ኋላ መብራት የሚሄደውን ሽቦ ነው። ጭቃ ይመታዋል፣ ሳጥኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ከሻሲው ጋር ይፋተጋል፣ አንድ ቀን ልባሱ ተልጦ ብረት ይነካል። ተኝታችሁ በባትሪ መብራት ብትከተሉት ጥቁረቱ ይታያል።

አሁን ወደ ጋራዡ ልመለስ። ልጁ ከኋላ ዞሮ «ይርገጡ» አለኝ፤ ረገጥኩ። «አሁንስ ረግጠዋል?» አለ። ረግጫለሁ። ከኋላ አንድም መብራት አልበራም ነበር። ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ከዚያ በጀርባው ተንጋልሎ ጭንቅላቱን ከመሪው ሥር አስገባ። ከፍሬኑ ፔዳል በላይ፣ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ አለች፤ ከአንድ ጫፏ ቀጭን ፒን ወጥቷል፣ ከሌላው ሽቦ። ፔዳሉ ሲያርፍ ፒኑን ይጫናል፤ ሲረገጥ ይለቀዋል። ልጁ ቴስተሩን ወደ ሽቦዎቹ አስጠጋ፦ በአንዱ 12 ቮልት ይገባል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ በሌላው መውጣት ሲገባው ምንም አይወጣም። ነቅሎ አራገፋት። ውሃ ጠብ አለች።

ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። ከሁለት ቀን በፊት ላቫጆ ነበርኩ። ምንጣፉ ጭቃ ነው ብለው የውሃውን ጎማ እስከ ፔዳሎቹ ድረስ ሲለቁት እኔ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ነበር። ካምቢዮ ሊያስወርደኝ የነበረው ይህ ነው። አዲስ ስዊች ገባ፣ ማርሹ ወጣ፤ ጊዜው አንድ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ነው። ላቫጆ ስትገቡ ውስጡ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲጠረግ ንገሩ፤ ቆማችሁም ተከታተሉ።

ስዊቹን ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አራት ሽቦ ያላቸው አሉ፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ምልክቱ በኮምፒውተር በኩል ስለሚያልፍ የቴስተሩ ንባብ እንደዚህ ቀጥተኛ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። ከፔዳሉ ብዙ ከራቀ ፍሬን ሳትረግጡም መብራቱ አይጠፋም። ብዙ ከቀረበ ፔዳሉን ጥልቅ ካልረገጣችሁ አይበራም፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው እንዳይመለስ ካገደው ደግሞ ፍሬኑ እየያዘ ይሄዳል።

ሦስተኛው ታሪኬ የዚህ ግልባጭ ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝም እሱ ነው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ደባርቅ ልነሳ ወጣሁ። ቁልፉን ስከፍት ዳሽቦርዱ እንደ ጧፍ ጭል ጭል አለና ጠፋ። ማርሹም ተቆልፏል። ከጎረቤት አንድ ልጅ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ነበርና «ጋሼ፣ የኋላው ቀይ መብራት እኮ ሲበራ አድሯል» አለኝ። ማንም ፍሬን ሳይረግጥ መብራት ሌሊቱን ሙሉ! ከጎረቤት መኪና በኬብል ባትሪ ለባትሪ አገናኝተን አስነሳናት፤ ማርሹም ወዲያው ወጣ። ባትሪው ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱም ደገመችኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ምንጣፉን ሳራግፍ ነው። ከፍሬኑ ሥር የደረቀ እንጀራ ፍርፋሪ የሚመስል ነገር ተበትኗል፤ ስጨብጠው ጎማ ነው። የስዊቹ ፒን የሚነካው የፔዳሉን ብረት አይደለም ለካ። ብረቱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳውን የሚደፍን የጎማ ቁልፍ አለ፣ ፒኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ጎማው ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይፈረካከሳል። ያን ጊዜ ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ ያልፍና ስዊቹ «ተረግጧል» እንዳለ ይቀራል። መብራቱ ያድራል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ጧት ኮረንቲ ያጣው ሶሌኖይድ ማርሹን አይለቅም። ጎማውን እስካገኝ ድረስ ራሱ ከቀዳዳው የሰፋ ትንሽ ቡሎን አስገብቼ ከኋላው አጥብቄ ሄድኩበት። ስትቆሙ ዞራችሁ ኋላዋን የማየት ልማድ ቢኖራችሁ ይህ በመጀመሪያው ማታ ይታወቃል።

ማርሹ አካባቢ ያለው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። የፈሰሰ ለስላሳ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ሳንቲም ይገባል። አንድ ዘመዴ ድምፁም መብራቱም ደህና ሆኖ ማርሹ አልወጣ ሲለው ሽፋኑን አንስተን ያገኘነው አንዲት የሽምብራ ቆሎ ነው፤ የማርሹ መንገድ ጠርዝ ላይ ልክ እንደ ታኮ ገብታ። በፒንሳ አወጣናት። ሽፋኑ በፕላስቲክ ጥርሶች የተያዘ ስለሆነ በካቻቪቴ ስታነሱት ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሉት። ስኳሩን በትንሹ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በአልኮል አድርቁ። ግራሶ አትቀቡበት፤ የወገራ አቧራ ላይ ግራሶ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

መንገድ ላይ ከቀራችሁ ደግሞ ለዚሁ የተሠራ መውጫ አለ። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች ከማርሹ አጠገብ ትንሽ ክዳን ወይም «ሺፍት ሎክ» የሚል ቁልፍ ታገኛላችሁ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ታኮ አስገቡ፣ ፍሬን ርገጡ፣ ክዳኑን አንስታችሁ በመኪናው ቁልፍ ወይም በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወደ ታች ተጭናችሁ ማርሹን ወደ ኤን አምጡ። ሞተር በኤንም ይነሳል። ግን ይህን የተጠቀማችሁት የፍሬን መብራት ስለሌላችሁ ከሆነ ከኋላችሁ ያለው ሰው መቆማችሁን አያውቅም። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ከጀርባችሁ ባጃጅ ተለጥፎ እንደሚሄድ አስቡና ድንገተኛ መብራቱን አብርታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ወደሚቀርበው ኤሌክትሪሺያን ብቻ ሂዱ።

ባለ አራት ጎማ ጎታች ፒክአፕ ለምትነዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሁለተኛው ትንሹ ማርሽ፣ ማለትም የአራት ጎማው መምረጫ፣ ኤን ላይ ከሆነ ዋናው ፒ ላይ ቢሆንም መኪናው ይንከባለላል። መቀርቀሪያው የያዘው ዘንግ በዚያ ሰዓት ከጎማዎቹ ጋር አይገናኝምና።

የካምቢዮ ባለሙያ የሚያስፈልገውም ጊዜ አለ። ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ መኪናው ከተንከባለለ፣ ወይም ፒ ሲገባ ከሥር «ከርርር» የሚል የጥርስ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ማርሹ እንደ ላላ ጥርስ ወዲያ ወዲህ እያለ መኪናው ግን ከፒ ካልወጣ፣ ማርሹን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተበጥሷል ወይም መቀርቀሪያው ተበልቷል። ታኮ አድርጋችሁ ሰው ጥሩ፤ አትንዱት።

ማናቸውንም ካስተካከላችሁ በኋላ ሜዳ ላይ ሞክሩት። የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ፍሬን ሳትረግጡ ማርሹን ከፒ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ሞክሩ። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ ማለት አለበት። አንዴ እንኳ ከወጣላችሁ ሥራው አላለቀም፤ ስዊቹ «ተረግጧል» እንዳለ ቀርቷል ወይም ፒኑ አልተመለሰም፤ የልጅ ልጃችሁን ፊት ወንበር ላይ ትታችሁ ቆሎ ልትገዙ አትውረዱ።